ግማሹን ብቻ የጠየቁት ኮሚሽነር

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የወሎውን ረሃብ ተከትሎ በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ። 10 ዓመት ያህል ቆይቶ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽነሩ ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ለጋሽ አገሮችን አዲስ አበባ ላይ ሰብስበው፣ 5.2 ሚሊዮን ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡንና 900,000 ቶን እህል እንደሚያስፈልግ አስታወቁ።

ሕግ ያጠኑትና ቀደም ሲል የኤርትራ ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ የነበሩት ሻለቃ የጠየቁት ግን 450,000 ቶን ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ ማጓጓዝና ማደል አይቻልም ተብሎ ተገምቶ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ግምት ደግሞ 125,000 ቶን ሆነ። በቁጥር ክርክር ክረምቱ አለፈ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር በኮረም መጠለያ ሰው ይረግፍ ነበር። ዓለም የነቃው በጥቅምት ወር፣ ፊልሙ በቴሌቪዥን ሲታይ ነው።

ሻለቃ ዳዊት በ1978 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ስለ ረሃቡም መጽሐፍ ጻፉ።

ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ትምህርቱ ግልጽ ነው። የችግረኛው ቤት በስም ይቆጠር፤ የጠፋው ሰብልና በርካሽ የተሸጠው በሬ ይመዝገብ፤ ሳይጨመር ሳይቀነስም ለወረዳው ይቅረብ። ለማጓጓዝ ይከብዳል ተብሎ የተቀነሰ ቁጥር ከሰው አፍ የተቀነሰ እህል ነው።