ዘይትና ዳገት

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ወገብ እየተነፈሰች የምትወጣ አሮጌ ቮልስ ዛሬም አልፎ አልፎ እናያለን። የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ ያለችውን በደንብ መያዝ ነው እንጂ ሌላ አዲስ አይመጣም። ሞተሯን ቶሎ የሚገድለው ደግሞ ብሮንዚናው ዘይት ማጣቱ ነው።

ብሮንዚና የምንለው የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱ፣ ተደግፎ የሚዞርበት ለስላሳ ብረት ነው። ሁለቱ ግን መነካካት የለባቸውም። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን እየጎተተ ከሥሩ ያስገባዋል። ከፀጉር የቀጠነው ይህ ዘይት ዘንጉን አንሥቶ ይይዘዋል። ዘይቱ በሙቀት ከቀጠነ፣ ወይም ዘንጉ ቀስ ብሎ እየዞረ ጭነት ከበዛበት፣ ብረት ከብረት ይገናኛል። ያኔ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ሞተር ማውረድ ነው፤ የሚወጣውን ገንዘብ የቀመሰ ያውቀዋል።

ብዙ ሹፌር ዳገት ላይ ሞተሩ እንዳይጮህ ብሎ በሦስተኛ ማርሽ እያንቀጠቀጠ ይወጣል። ይህ ለሞተሩ ማዘን ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በነፋስና በዘይት ነው። ነፋሱን የሚሰጠው ማራገቢያም፣ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕም የሚዞሩት በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው። በዚያ ላይ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ እንደ ቆላ አያቀዘቅዝም። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲቀየር ጩኸቱ ይጨምራል፤ ዘይቱም ነፋሱም አብረው ይጨምራሉ። ይጩህ እንጂ!

የቮልስ ዘይት 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ከሥር ወንፊት ነው። ወንፊት ደግሞ ደቃቁን ብናኝ አይዝም። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ አቧራ በበዛበት መንገድ ከዚያም ቀድሞ፣ ዘይቱን መለወጥና ወንፊቱን ማጠብ ያስፈልጋል። 20 ደብልዩ 50 የሚባለው ዘይት ለአዲስ አበባ የጠዋት ብርድም ለዳገቱ ሙቀትም ይስማማል። ድምፁ እንዲጠፋ ብለው በጣም ወፍራም ዘይት የሚጨምሩ አሉ። ድምፁ ይደበቃል እንጂ የተበላ ብሮንዚና አይድንም፤ ወፍራም ዘይት ጠዋት ጠዋት ብሮንዚናው ዘንድ እስኪደርስም ይዘገያል።

ዘይት የሚለካው ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ነው። መለኪያው ላይ ያለውን ዘይት ማሽተትም ደግ ነው። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ የቤንዚን ፓምፑ ስስ ጎማ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ እየገባ ያቀጥነዋል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ፓምፑ ይጠገናል፤ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይለወጣል።