ሐኪሙን ማን ያስተምረዋል?

ሐኪም የሚማረው ከማን ነው ብትባሉ “ከዶክተሮች ነዋ!” ሳትሉ አትቀሩም። ልክ ናችሁ፤ የመለሳችሁት ግን ግማሹን ነው። ሌላው አስተማሪ ታካሚው ራሱ ነው።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ዶክተር ሃዋርድ ባሮውስ የተባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም በሎስ አንጀለስ ጤነኛ ሰው የበሽተኛን ታሪክ አጥንቶ፣ እንደ ታማሚ ሆኖ ለተማሪዎች እንዲቀርብ አደረጉ። ዘዴው ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

በኤች አይ ቪ ሕክምና ግን አንድ እርምጃ ተኬደ። እ.ኤ.አ. በ1994 በፓሪስ 42 መንግሥታት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች በሚመለከታቸው ሥራ ሁሉ የበለጠ እንዲሳተፉ ተስማሙ። በ2000ዎቹ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ሥልጠና፣ በኡጋንዳና በሌሎች አገሮች፣ እነዚሁ ወገኖች የጤና ባለሙያዎችን ማሰልጠን ጀመሩ።

እንዴት? አሰልጣኙ እንደ ታካሚ ይቀርባል፤ ሰልጣኙ ይመረምራል፤ ምክር ይሰጣል። ሲጨርሱ አሰልጣኙ “ይህን ጠየቅኸኝ፣ ይህን ዘለልከው፣ እዚህ ላይ አስፈራኸኝ” ብሎ ይነግረዋል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ነፃ መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም። “ለምን አልዋጥሽም?” ተብላ የተቆጣች ልጅ በሚቀጥለው ቀጠሮ ትዋሻለች፤ ወይም ጭራሽ ትቀራለች። መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ደግሞ ቫይረሱ ሊላመደው ይችላል። “ብዙ ሰው አንዳንዴ ይረሳል፤ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?” ብትባል ግን እውነቱን ትናገራለች፤ መፍትሔም ይገኛል። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። አያችሁ፣ የአንዲት ጥያቄ አጠያየቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት!

እናንተም ሆስፒታል ስትሄዱ ተማሪዎች ሊከቧችሁ ይችላሉ። ፈቃዳችሁን መጠየቅ አለባቸው። “አይሆንም” ማለት መብታችሁ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሕክምና ሊቀርባችሁ አይገባም። የሰሙትም ምስጢር ነው። ከፈቀዳችሁ ግን ዝም አትበሉ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ ያስከፋችሁን ንገሯቸው።

የጤና ተማሪ የሆናችሁ ደግሞ፣ አልጋው ላይ ያለው ሰው መምህራችሁ መሆኑን አትርሱ። ሰላም በሉት፣ ስሙን ጠይቁት፣ አዳምጡት!