ጠጋ በይማ፣ የለውዙን ጉድ ልንገርሽ

ሐኪሞቹ እንዳይሰሙን ብቻ። የልጆች አለርጂ ክሊኒክ ውስጥ ጋዋን የለበሰ ሁሉ የሚያውቃት፣ ጮክ ብሎ ግን የማያወራት ነገር አለች።

“ለውዝ እስከ 3 ዓመቱ እንዳታስቀምሺው” ሲባል ሰምተሻል አይደል? እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አለርጂ ለሚያሰጋቸው ልጆች የመከረው ነው። እናቶች ታዘዙ፤ አለርጂው ባሰ። በ2008 ምክሩ ኮሽታ ሳያሰማ ተነሣ።

ማን አጋለጠው ብትዪ፣ ባምባ! እስራኤል ዘመድ ካለሽ ታውቂዋለሽ፤ አፍ ውስጥ ሟሟ የሚለው የለውዝ መክሰስ። ፕሮፌሰር ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቹ አይሁዳውያን ልጆችን ሲያነጻጽሩ፣ እንግሊዝ የሚያድጉት በለውዝ አለርጂ እስራኤል ካሉት 10 እጥፍ ገደማ በልጠው ተገኙ። የእስራኤሎቹ ገና በጨቅላነታቸው ለውዝ ይለምዳሉ። ከዚያ ለንደን ላይ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን 640 ሕፃናት ወሰዱ፤ ገሚሱ ይብላ፣ ገሚሱ ይከልከል። ውጤቱ በ2015 ወጣ። 5 ዓመት ሲሞላቸው ከተከለከሉት 17 በመቶው፣ ከበሉት 3 በመቶው ብቻ አለርጂ ያዛቸው። ጉድ አይደል?

አሁን ወደ ጓዳችን ግቢ። ሁለት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ የለውዝ ቅቤ በሙቅ ውሃ እናቀጥናለን። ሲበርድ በማንኪያ ጫፍ እናቀምሰዋለን። ከዚያ 10 ደቂቃ ከእናትየዋ ጋር ስለ አማቷ እናወራለን። ወሬ የያዝን ይመስላታል፤ ዓይናችን ግን ከልጁ ከንፈር አይነቀልም።

ለውዙ የነካው አገጭ ብቻ ቀላ ቢል ብዙም አንደነግጥም። ገላው ላይ ትንኝ የነከሰው የመሰለ ሽፍታ ፍጥጥ ሲል፣ ከንፈሩ ሲያብጥ ወይም ሲያስመልሰው ማንኪያው ይቀመጣል። ድንገተኛ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ የሻከረ ድምፅ ወይም ዝልፍልፍ ማለት ከመጣማ ጨዋታ የለም፤ አድሬናሊን ጭኑ ላይ፣ ወዲያው። ቤት ከሆንሽ አምቡላንስ ጥሪ። የአለርጂ ሽሮፕ ማሳከኩን ያስታግስ ይሆናል፤ ጉሮሮ ግን አይከፍትም። አብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል፤ ቢሆንም 2 ሰዓት አትራቂው።

ልጅሽ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ካለበት ቤት አትሞክሪው፣ እኛ ጋ አምጪው። ሌላው ምግብ ከጀመረ በኋላ፣ 6 ወር ገደማ ላይ፣ ጉንፋን በሌለበት ቀን ይቅመስ። ቆሎ ውስጥ ያለውን ፍሬ ግን 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳትሰጪው፤ ያንቀዋል።

ከተስማማው ደግሞ አታቋርጪ፤ በሳምንት 3 ጊዜ ይብላ። እናቶች የሚዘነጉት ይሄን ነው። ባምባ ካገኘሽም ከአባቱ ደብቂ።