1.2 ሚሊዮን ሸረሪት፣ አንድ ካባ

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ሲባል ሰምተን አድገናል። ማዳጋስካር ላይ ግን ድሩ ካባ ሆኗል፤ ያውም ቀለም ሳይነካው ወርቃማ።

ካባው እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን፣ ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ታይቷል። የፈጀው የ1.2 ሚሊዮን ሸረሪት ክር ነው! ሠራተኞች ሴቶቹን ሸረሪቶች (ትልልቁን ድር የሚያደሩት እነሱ ናቸው) ጠዋት ጠዋት ከስልክ እንጨት ላይ ሳይቀር እየለቀሙ፣ በእጅ በሚዞር ማሽን በአንዴ ከ24ቱ ክር ይስቡ ነበር። ከዚያ ይለቋቸው ነበር።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ “ታዲያ ለምን እንደ ሐር ትል አያረቧቸውም?” የሚል ነበር። አይቻልማ! አንድ ላይ ከታጎሩ እርስ በርስ ይበላላሉ። ፈረንሳዮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሞክረውት ነበር፤ ኢንዱስትሪ ግን አልሆነላቸውም።

ደሴቷ ሌላም ጉድ አላት። እ.ኤ.አ. በ2010 በሳይንስ ስም የወጣላት የዳርዊን ሸረሪት ከወንዝ ዳር እስከ ዳር 25 ሜትር የሚደርስ ክር ትዘረጋለች። ክሯ ሳይበጠስ የሚችለው ጉልበት፣ ጥይት መከላከያ ከሚሠራበት ኬቭላር ከ10 እጥፍ በላይ ነው። የምትኖረው አንዳሲቤ-ማንታዲያን በመሰሉ የምሥራቅ ደኖች ነው፤ ከፓርኮቹ ውጪ ያለው ደን ደግሞ ለእርሻና ለከሰል እየተመነጠረ ነው።