ዳጣና የቡና ቅጠል ክብደት ይቀንሳሉ?

በጋሞ ደጋ ዶርዜ ላይ ቆጮ በበርበሬ ከሚሠራው ዳጣ ጋር ይቀርባል፤ በጋሞ ብዙ ቤቶችም የቡና ቅጠል ከሚጥሚጣ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተፈልቶ ይጠጣል። እነዚህ ስብ ያቀልጣሉ የሚለው ወሬ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን ሰውነት የሚያወጣውን ኃይል ከፍ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ጭማሪውን በቀን 50 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አድርሶታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ሙከራ ደግሞ በቡና ቅጠልም ውስጥ የሚገኘው ካፌይን 100 ሚሊ ግራም ሲወሰድ በእረፍት ላይ ያለ ሰውነት የሚያወጣውን ኃይል ከ3 እስከ 4 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ይህም በተለካበት ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ ወሬው እውነት አለው፣ ግን ትንሽ እውነት ነው። 50 ኪሎ ካሎሪ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ውስጥ ያለው ኃይል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ገደማ ይይዛል። ቡናውን በስኳር አጣፍጦ የሚጠጣ ሰው ያተረፈውን እዚያው ሲኒው ውስጥ መለሰው ማለት ነው።

«የጋሞ ደጋ ገበሬ ዳጣ እየበላ ቀጭን አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ያ ገበሬ ዳገትና ቁልቁለት እየወጣ እየወረደ ይውላል፣ መሬቱንም በእጁ ይቆፍራል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ስትሆን ጨንቻ 2,700 ገደማ ላይ ናት፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ተራራ ላይ በእግር የሚመላለስ ሰው የሚያወጣው ኃይል ከበርበሬው ድርሻ ጋር አይወዳደርም። እኔ የቡና ቅጠሉን የምደግፈው በሌላ ምክንያት ነው፦ በልማዱ የሚጠጣው በስኳር ሳይሆን በጨው ነው፤ ለስላሳ መጠጥን ከተካ ጥቅሙ በግልጽ ይታያል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ጨውን ይቀንስ፤ ካፌይን ያለውን ሁሉ ደግሞ ማታ አለመጠጣት ይሻላል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ የመብላት ፍላጎቱ ይጨምራልና።