ማጅራት ገትር፦ በበጋ ወራት የሚበረታው ደዌ

ስሙ ሕመሙን ይናገራል፤ ማጅራትን የሚገትር፣ አንገት እንዳይታጠፍ የሚያደርግ ደዌ ነው። የሚመጣው አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሸፈነው ስስ ሽፋን ሲቆጣ ሲሆን፣ በወረርሽኝ መልክ የሚያስነሣው በተለይ ሜኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው።

አሶሳና መላው የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ውስጥ ይገኛሉ። በዚያ በሽታው የሚበረታው ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ፣ ደረቅ ነፋስና አቧራ ጉሮሮን በሚጎዱበት ወቅት ነው። ወቅቱ ምእመናን ለልደት፣ ለጥምቀትና ለትንሣኤ በብዛት የምንሰበሰብበትም ነው። በወርቅ ቁፋሮ ሥፍራዎችና እንደ ሸርቆሌና ባምባሲ ባሉ የስደተኞች መጠለያዎች ተጨናንቆ መኖርም መተላለፉን ያፋጥነዋል።

ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 ከባድ ወረርሽኞችን አሳልፋለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ወገኖች በየዙሩ የተሰጠው ክትባት «ኤ» የተባለውን ዝርያ ቢገታም፣ «ሲ»፣ «ደብልዩ» እና «ኤክስ» የተባሉትን አይከላከልም። ስለዚህ ቀድሞ የተከተበ ሰውም ምልክቱን ሊንቅ አይገባውም።

ባክቴሪያው በጤነኛ ሰው ጉሮሮ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። የሚተላለፈው በሳል፣ በማስነጠስ፣ በምራቅና በአንድ ዕቃ በመጠጣት ነው። በማኅበር ቤት ትኩሳት ላለበት ወንድም ለብቻው ቢቀዳለት ነውር የለበትም።

ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ትውከት፣ ብርሃን መፍራትና መቃዠት ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ሕፃናት ግን አንገታቸው ላይገተር ይችላል፤ ጡት እምቢ ማለት፣ ያለማቋረጥ ማልቀስና የእርግብግቢት ማበጥ ይታይባቸዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ሰዓቱ ነው። ካልታከመ ከታመሙት እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ይገድላል፤ ሞቱም ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ከዳኑትም መስማት የሚሳናቸው አሉ። ሕመምተኛው ሲቃዥ ሕመሙን ክፉ መንፈስ ብቻ አድርጎ በመቁጠር ጸበል ቦታ ማሳደር ያንን ውድ ሰዓት ያባክናል። ጸበሉና ሕክምናው አይጣሉም፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይድረስ፤ ጸሎቱና ጸበሉ እዚያው ይከተሉታል። ጾም ነው ብሎ መድኃኒት ማዘግየትም አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስጨንቅም።

ከታመመው ጋር በአንድ ቤት ያደሩ ሰዎችም ለጤና ባለሙያው ይንገሩ። የመከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው መሆኑን የሚወስነው እርሱ ነው።