ነዳጅ ለምን ከእኛ ተራራ ሥር የለም?

ነዳጅ ሲጠፋ ከደባርቅ ጎንደር የመኪና ሒሳብ ወዲያው ይጨምራል። በክፍላችን አንድ ልጅ «ይሄን ሁሉ ተራራ ይዘን ለምን ነዳጅ አንቆፍርም?» ብሎ ሲጠይቅ ሳቅንበት። ጥያቄው ግን ጥሩ ነው፤ ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ነዳጅ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ድሮ ባሕር በነበረበት ቦታ ነው። ባሕሩ ውስጥ የነበሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ሞተው ጭቃ ይጫናቸዋል። ጭቃው ድንጋይ ሲሆን እነሱ በመሬት ሙቀት እየበሰሉ በሚሊዮኖች ዓመታት ዘይት ወይም ጋዝ ይሆናሉ። ጊች ላይ የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። እሳት ደግሞ ነዳጅ አይሠራም።

ባሕር የነበረበት ኦጋዴን ውስጥ ፍለጋው የተጀመረው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። በ1960ዎቹ ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ። ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች ቆፈሩ፤ ሌሎችም መጡ፣ ሄዱ። ማምረቻው የተመረቀው መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ሃምሳ ዓመት እኮ ነው!

አንዱ ችግር ጋዝ በጀሪካን አለመቀዳቱ ነው። ቱቦ ከሌለ ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ፈሳሽ ይሆንና መጠኑ 600 ጊዜ ያንሳል፣ በቦቴ ይጫናል። (የጊች ውርጭ ከዚህ ጋር ሲተያይ ሙቀት ነው።)

ካሉብ ተመረቀ ማለት ግን የመኪና ሒሳብ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ቤንዚንና ናፍጣ አሁንም በጅቡቲ በኩል ተገዝተው ነው የሚመጡት። አሰብ የነበረው ማጣሪያም በ1989 ዓ.ም. ተዘግቷል።

ለእኛ የሚቀርበው ማዳበሪያው ነው። ከጋዙ ሃይድሮጂን፣ ከአየር ናይትሮጅን ተወስዶ አሞኒያ ይሠራል፤ ከአሞኒያው ያ ነጩ ዩሪያ ይወጣል። ካሉብ በተመረቀበት ቀን ጎዴ ላይ የዳንጎቴ ማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል፤ የታቀደው በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ነው። አባቴ ባለፈው ክረምት ለማዳበሪያ ብሎ ሁለት በግ ሸጧል። ይህን ስነግረው «ጎዴ የት ነው?» አለኝ። ካርታ ላይ አሳየሁት። ከጎዴ እስከ ዳባት በጣቱ ለካና «የመኪናውስ ኪራይ?» አለ።